ከዝርዝሩ ግርጌ የቀሩት

ንብረት ደጅይጥኑ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ ወደ ሰቆጣ የተመለሰው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚያው አቅራቢያ ፃግብጂ ስለሆነ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የአገሩን ቋንቋ ኽምጣናን እንደ እናቱ ይናገራል፣ ለገበያ ከሚወጣው ሰው ግማሹን በስም ይጠራል። ሲመለስ ግን አንድ ነገር ተለውጦ ጠበቀው። ሥራ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው አይጠፋም፤ እሱ መልስ ሲጀምር ግን የጠያቂው ዓይን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ለሚሠራው ሥራ በኽምጣና ቃል አጣለት። በአማርኛም ቢሆን ከተውሶ ቃላት በቀር ያለው ጥቂት ነው። አባቱ በሞቱበት ዓመት፣ ታመው ተኝተው ሳለ፣ "ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ምን ይሠራል ልበል?" ብለውት ነበር። ጥቂት አሰበና "ጽሕፈት ይበሏቸው" አላቸው። ከዚያ ወዲህ እሱም ለጠየቀው ሁሉ "ጽሕፈት" ማለት ለመደ።

የቀጠረው "ምርኩዝ ለዋግ" የሚባል የእርዳታ ድርጅት ነው። ሰቆጣ ያለው ቅርንጫፍ አራት ክፍልና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለው። በየወሩ ስንዴና ዘይት ወደ ዋግ ወረዳዎች፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌና ወደ ፃግብጂ ይልካል። ያስቸገረው የተረጂዎቹ ዝርዝር ነበር። መዝጋቢው ጋ አንድ ዝርዝር አለ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሌላ፣ መጋዘኑ ደግሞ ባለፈው ወር ዝርዝር ይጭናል። ንብረት አራቱን ኮምፒውተሮች በኬብል እንዲያገናኝና አንዱን ሰርቨር እንዲያደርገው ታዘዘ፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ይቀመጥና ሁሉም ከየክፍሉ እንደ ድረ ገጽ እየከፈተ ያየዋል።

ለዚሁ ሥራ ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ሲዲ ተላከለት። ሲዲው ላይ ያለው የሰርቨር ፕሮግራም ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ስመ ጥር ነው። የተመደበለት ማሽን ግን ከሁለት ቢሮ ተርፎ የመጣ አሮጌ ነው። የከተማው መብራት ዛሬ ቢመጣ ነገ ስለሚጠፋ ደግሞ የሚሠራው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው የፀሐይ ሰሌዳ በሚሞላ ባትሪ ነው። ሰርቨሩ ያለ ችግር ተጫነ፤ ሲነሣ ግን ማሽኑን ትንፋሽ አሳጠረው። አንዲት ገጽ ለመክፈት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። የመጋዘን ኃላፊዋ ጥሩሐረግ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀልደኛ ሴት፣ የኮምፒውተሩ ማያ ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆመው "ልጄ፣ ይሄ እስኪከፈት ስንዴው ይነቅዛል" አሉት።

ንብረት ዋናው ቢሮ ደወለ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ይታየሽ ትባላለች። ፊቷን አይቶት አያውቅም፤ የሚያውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው።

"የማትፈልገውን ቀንስለት" አለችው። "አብሮት የሚነሣ ብዙ ነገር አለ፣ ግማሹ አንተ ጋ ሥራ የለውም። እንዴት እንደሚጠፋ ጽፌ ልላክልህ።"

"ደብዳቤው እስኪደርስ ሳምንት ነው። እኔው ራሴ ትንሽ ሰርቨር ብጽፍስ? የምፈልገው እኮ ፋይል አንብቦ የሚልክ ብቻ ነው።"

"ትንሽ ይመስላል" አለች ይታየሽ። "እሺ ጻፍከው እንበል። ነገ ከዚያ ብትሄድ ማን ያስተካክለዋል?"

"የት እሄዳለሁ?"

ለቀልድ ነበር ያለው። ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ደብዳቤዋ በሳምንቱ ደረሰ። ንብረት አንዴ አነበበውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በዚያን ጊዜ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ለራሱም ለሰውም ያቀረበው ምክንያት የማሽኑ አቅም ማነስ ነው፤ ውሸትም አልነበረም። ሌላም ግን ነበረው። ሰቆጣ ውስጥ በሚያውቀው ነገር የሚመልስለት አንድ ነገር ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሲሳሳት መሳሳቱን ይነግረዋል፤ ሲያቀናው ይቀናል። ከሥራ ሰዓት የተረፈውን ጊዜ፣ እሑድም ከቅዳሴ መልስ፣ እዚያው ወንበር ላይ አሳለፈ። ሰባት ሳምንት ፈጀበት።

የመጀመሪያዋ ገጽ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ተከፈተች። ንብረት ዘሎ ተነሣና እስከ መጋዘኑ ሮጠ።

"እትዬ ጥሩሐረግ፣ አዩት?"

"ምኑን?"

"ገጹን! ገና ሲነኩት እኮ ተከፈተ!"

ጥሩሐረግ ጎንበስ ብለው የመጋዘኑን ማያ አዩ። "እሰይ፣ ፈጠነ" አሉና ወደ ጆንያዎቻቸው ዞሩ።

ንብረት በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ግቢውን ተመለከተ፤ ዘበኛው ጥላ ሥር ተኝቷል፣ መኪና አጣቢው ባልዲውን ይዞ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ወደ ይታየሽ ሊደውል ተመለሰ፤ ያን ሳምንት ግን ስልኩ ተቋርጦ ሰነበተ። መስመሩ ሲመለስ ደስታው አልፎበት ስለነበር ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነገራት።

"የጻፍከው ስንት መስመር ሆነ?"

"አራት መቶ አሥር።"

"አራት መቶ አሥር ብቻ? እንኳን ደስ ያለህ!" ከልቧ ነበር። ቀጥላም "ደብዳቤዬን ግን አትጣለው" አለችው።

የንብረት ሰርቨር ሁለት ዓመት ሠራ። አንድም ቀን አልተኛም፣ አንድም ቀን አልዘገየም። ሰው ረሳው፤ ንብረትም ቀስ በቀስ ረሳው።

በ1999 ክረምት ዝናቡ ለዝቋላ ቶሎ ወጣ። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። ከዝቋላ የሚመጣው ዝርዝር አምስት መቶ አባወራ የነበረው በጥር ዘጠኝ መቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያው ሰሞን ንብረት አንድ መልካም ነገር ሠራ። ስሞቹ እስከዚያ ድረስ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነበር፤ የቀበሌ ሽማግሌዎች ዝርዝሩን አንብበው ማረም አይችሉም፣ ካሤና ካሳ የሚሉ ስሞችም ይምታታሉ። ሁሉንም ወደ አማርኛ ፊደል መለሰው። ሁሉም አመሰገነው።

በሚያዝያ መጨረሻ የካሤ ነገር ተሰማ። ካሤ በዝቋላ የድርጅቱ የመስክ ሠራተኛ ነው፤ በየቀበሌው ከኮሚቴ ጋር እየዞረ የተቸገረውን የሚመዘግበው እሱ ነው። ፈለግ ዋሻ ከምትባለው ቀበሌ ክስ መጣበት። በመጋቢትም በሚያዝያም ለቀበሌዋ የተጫነው እህል የሦስት ቤት ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዷ ሀብታምነሽ የምትባል የካሤ ሚስት እህት ናት። ካሤ "እኔ የሁሉንም ስም አስገብቻለሁ፣ ሰቆጣ ቆርጦታል" ቢልም የሰማው የለም። ከሥራ ታገደ። ንብረት ወሬውን ሲሰማ እንደ ሰው ሁሉ "አይ ካሤ!" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ግንቦት በገባ በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ ከነአቧራቸው ቢሮው ደጃፍ ደረሱ። ምንዋጋው ይባላሉ፣ የፈለግ ዋሻ ኮሚቴ አባል ናቸው። አንድ ቀን ተኩል በእግራቸው ተጉዘዋል። አማርኛቸው እምብዛም ስላልሆነ ሥራ አስኪያጁ አቶ መልአኩ እንዲያስተረጉም ንብረትን አስጠሩት።

"የመዘገብነው ስልሳ ስምንት ቤት ነው" አሉ ሽማግሌው በኽምጣና። "ካሤ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሰውዬው አልሰረቀም። ይህን ልናገር ነው የመጣሁት።"

ንብረት አስተረጎመ። አቶ መልአኩ ከመጋዘን የታተመውን ወረቀት ከማህደር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። "ይኸውና ዝርዝሩ። ፈለግ ዋሻ፣ ሦስት ሰው።"

ንብረት ወረቀቱን ሊያሳያቸው አነሣው። ቀበሌዎቹ በፊደል ተራ ስለሚደረደሩ ፈለግ ዋሻ የመጨረሻዋ ናት። ሀብታምነሽ፣ ለምለም፣ ሐጎስ ይላል። ከሐጎስ በታች ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነበሩ፦ "መን"። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ያንን "መን" የማተሚያ ቆሻሻ አድርጎ አልፎታል።

ወረቀቱን አስቀምጦ "አንድ ጊዜ" ብሎ ወጣ። ክፍሉ ገብቶ ዋናውን ፋይል ከፈተ። ስልሳ ስምንት ስም አለ። አራተኛው መንግሥቴ ይላል።

ወዲያው ገባው። ሰርቨሩ ገጹን ከመላኩ በፊት የሚያጠራቅምበት ቋት አለው፤ መጠኑን የወሰነው ራሱ ንብረት ነው፣ ያን ጊዜ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሆኖ ታይቶት። በላቲን አንድ ፊደል አንድ ቦታ ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። ዝርዝሩ በረዘመበት ወቅት ፊደሉን ለወጠው፤ ቋቱ ሞላ፤ የተረፈውን ሰርቨሩ ጣለው። ሞልቷል ብሎ እንዲናገር ያዘዘው ስለሌለ አልተናገረም።

አንድ ቁጥር ለወጠና ሰርቨሩን አስነሣው። ገጹን ከፈተ። ስልሳ ስምንቱም አሉ። አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በመላው ዋግ የሆነውን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው። ገብቶ "ዝርዝሩ ተገኝቷል፣ ኮምፒውተሩ አስቸግሮ ነው" ቢል ምን አስቸገረው ብሎ የሚመረምር የለም። ካሤም አንድ ሰሞን ታምቶ ይመለሳል። ብቻውን መሆኑ እስከዚያ ቀን ይከብደው ነበር እንጂ እንዲህ አስፈርቶት አያውቅም። ከግድግዳው ወዲያ የሽማግሌው ሳል ይሰማዋል።

ተነሥቶ ገባ።

"አቶ መልአኩ፣ ካሤ ያመጣው ስልሳ ስምንት ስም ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"እንዴት? አንተ ከካሤ ጋር ምን ጠብ አለህ?"

"ጠብ የለኝም። የጻፍኩት ሰርቨር ዝርዝሩ ሲረዝም ጫፉን ይቆርጣል።"

"ኮምፒውተሩ ነዋ ታዲያ!"

"ኮምፒውተሩ እኔ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።"

አቶ መልአኩ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር እንዳይሰፋ ግን ይፈራሉ። "እንግዲህ ካሤን እንመልሰዋለን። የቀረባቸውን እህል እንልካለን። ለዋናው ቢሮ የቴክኒክ ብልሽት ብለን እንጽፋለን፣ ያልቃል።"

"ብልሽት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በትክክል ሠርቷል። ስህተቱ አብሮት የተጻፈ ነው።"

"ንብረት፣ ማን ጠየቀህ አሁን?"

ማንም አልጠየቀውም። ምንዋጋው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዩ ቆይተው "ስለ እኛ ነው የምትነጋገሩት?" አሉ። ንብረት አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ በኽምጣና ነገራቸው። ቃል ባጣበት ቦታ "ጎታ" አለ፤ እኔ የሠራሁት ጎታ ጠበበ፣ ሞልቶ የፈሰሰውን ዞር ብዬ አላየሁም፣ የፈሰሰው የእናንተ ስም ነው አላቸው። ሥራውን ለአገሩ ሰው እስከ መጨረሻው ሲያስረዳ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ "የማን ልጅ ነህ?" አሉት።

"የደጅይጥኑ። የፃግብጂው።"

"አውቀዋለሁ። ከእሱ በሬ ገዝቻለሁ።" ከዚያ "ለእኔ ነገርከኝ፣ ደግ አደረግክ። እኔ ሄጄ ብነግራቸው ግን አያምኑኝም። ካሤ ጉቦ ሰጥቶት ነው ይሉኛል። አንተው ራስህ ና" አሉት።

ሐሙስ ዕለት የሁለት ወሩን እህል ከጫነው መኪና ጋር ወደ ፈለግ ዋሻ ሄደ። መንገዱ አቧራና ገደል ነው። ማከፋፈያው ቦታ ሰው ተሰብስቦ ደረሱ። ካሤ ከሰው ተነጥሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በዙሪያው ባዶ ቦታ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ምንዋጋው ጥቂት ተናግረው ለንብረት ለቀቁለት። ንብረት በኽምጣና ተናገረ። ካሤ ስማችሁን በሙሉ አምጥቶ ነበር፣ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ አውቄ አይደለም፣ ግን እኔ ነኝ አለ።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ጮኸ፦ "ታዲያ የበደለን ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው ልትለን ነው?"

"አይደለም። እኔ ነኝ።"

አልጣሽ የምትባል ሴት ከፊት ተነሥታ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"አሁን ስሜ አለ?" አለችው።

ወረቀቱን ገለጠ። "አለ።"

"አንብበው።"

"አልጣሽ ፈንታ፣ ቤተሰብ አራት።"

"ሦስት በለው" አለች። "ትልቁ ልጄ በሚያዝያ ለቀን ሥራ ወደ ሑመራ ወረደ። ወሬውም የለ።"

ንብረት ብዕሩን አውጥቶ ቆመ። አራቱን ግን አልሰረዘውም። "ሲመለስ አራት ነው፤ አራት ይሁን" አለ። አልጣሽ አየችውና ወደ ተራዋ ተመለሰች።

እህሉ ሲታደል ወደ ካሤ ሄደ። "ይቅር በለኝ" አለው።

ካሤ ቀና አላለም። "ሁለት ወር ሙሉ ሚስቴ ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሡ ይሄዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንስም ሰው ከአጠገባችን ይሸሻል። ይህን የሚመልስ ይቅርታ አለህ?"

"የለኝም።"

"ሰምቻለሁ እንግዲህ" አለና ተነሥቶ ጆንያ ሊያወርድ ሄደ።

ሰቆጣ ሲመለስ ለይታየሽ ደውሎ ምንም ሳያስቀር ነገራት።

"አንቺ የላክሽው ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ይቆርጠው ነበር?" ብሎ ጠየቃት።

"አይቆርጠውም። የጻፉት ሰዎች ከአንተ በልጠው ግን አይደለም። ከአንተ በፊት ስንቱ ሰው እንዲህ ያለ ገጽ ተቆርጦበት ጮኋል፣ ሌላው ሰምቶ አስተካክሏል። አንተ ግን እዚያ የምትጮኸውም የምትሰማውም ብቻህን ነህ።" ለስለስ ብላም "የጻፍከውን ኮድ አትመህ ላክልኝ። ላንብበው" አለችው።

ደብዳቤዋን ከመሳቢያ አወጣ። ሦስት ጠዋት በስልክ እየተነጋገሩ የታወቀውን ሰርቨር አንድ በአንድ ቀነሱለት፤ የማይፈለገው ሁሉ ተራገፈ፣ አሮጌው ማሽንም ቻለው። ገጹ በአሥራ አምስት ሰከንድ ይከፈታል። ጥሩሐረግ "ምነው፣ ፈጥኖ አልነበር እንዴ?" አሉ። "አሁን እስከ መጨረሻው ስለሚያመጣው ነው፣ እትዬ" አላቸው።

የራሱን ሰርቨር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጠፋው። የተለየ ነገር አልሆነም። ማሽኑ ማጉረምረሙን ቀጠለ፤ ከመጋዘን የጆንያ ድምፅ ይመጣል።

የላከው ኮድ በሰኔ ተመልሶ መጣ። ይታየሽ ገጽ በገጽ በቀይ ብዕር አርማው ነበር። እሱ ያላያቸው አሥራ አንድ ስህተቶች አግኝታለች። በአንዷ መስመር ጎን ደግሞ "ይህችን ለራሴም ሥራ እወስዳታለሁ" ብላ ጽፋለች። ንብረት ጓሮ ወጥቶ ሦስት ጊዜ አነበበው። ለማን እንደሚያሳየው ግን አላወቀም።

በሐምሌ መጀመሪያ ካሤ አዲሱን ዝርዝር ይዞ ከዝቋላ መጣ። እንደ ወትሮው ለመዝጋቢው አስረክቦ በመሄድ ፈንታ ዝርዝሩ እስኪገባ በረንዳ ላይ ጠበቀ። ከዚያ ሳያንኳኳ ወደ ንብረት ክፍል ገባና ወንበር ስቦ ማያው ፊት ተቀመጠ። ከኪሱ በእጁ የጻፈውን ቅጂ አወጣ።

"ክፈተው" አለ።

ንብረት ከፈተው። ካሤ ከራሱ ወረቀት ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ንብረት ከማያው ላይ እያየ "አለ" ይላል። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ስም ነው። ምሳ ሰዓት አለፈ። አልጣሽ ፈንታ ጋ ሲደርሱ ካሤ "ቤተሰብ አራት" ብሎ አነበበ፤ ልጇ ተመልሶ እንደሆነ ወይም ኮሚቴው እንዲሁ ትቶት እንደሆነ ንብረት ሊጠይቀው ፈለገ። ካሤ ግን ወደሚቀጥለው ስም አልፎ ነበር።

"አለ" አለ ንብረት።

የመጨረሻው ስም ሲያልቅ ካሤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ንብረት ምሳ አብረን እንብላ አለው። "መንገድ አለብኝ" አለ ካሤ፣ ዱላውን አነሣና ወጣ። በመስኮቱ ግቢውን ሲያቋርጥ ይታያል። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ "በሚመጣው ወርም እመጣለሁ" አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ለማን እንደሆነ ስም ሳይጠራ።